ስድስት ስንጥብ

ከበበውን ያስያዘው ጠመንጃ አይደለም። በራሪ ወረቀትም አይደለም። ያስያዘው በቀይ ቀለም የተሣለ ቀንድ አውጣ ነው። ይህን የሰማ ሰው ይስቃል፤ የነፋስ ስልክ ሰውም ቅዳሜ ዕለት ስቆ ነበር። ሳቁ የቆየው ግን እስከ ሰኞ ነው።

ከበበው የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበር። ምጽዋ ውስጥ በአንድ የዓሣ ምርምር ጣቢያ አሥራ ሦስት ዓመት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል። ጦርነቱ ወደቡን ማነቅ ሲጀምር፣ በኅዳር 1970፣ በእጁ ያሳደጋትን ታናሽ እህቱን ዓለሚቱን ይዞ አዲስ አበባ ገባና ከነፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራየ። ከባሕር ያመጣው ንብረት አንድ ሻንጣ ልብስ፣ አንድ ወፍራም ደብተርና አንድ የፎርማሊን ብልቃጥ ብቻ ነው። በብልቃጡ ውስጥ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ነጭ ልፍስፍስ ነገር ተኝታለች። ጎረቤቶቹ ከሆዱ የወጣ የኮሶ ትል መስላቸው «እግዜር ይማርህ» ይሉት ነበር። እሱም ማስረዳቱ ሲሰለቸው «አሜን» ይላል።

ትል አይደለችም። በሞቃት ባሕር ውስጥ ዛጎሏን ጥላ ራቁቷን የምትኖር ቀንድ አውጣ ናት። የእኛ ጓሮ ቀንድ አውጣ አመድ መስሎ ጎመን ሲበላ፣ የባሕሮቹ ግን ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ ለብሰው ይንጎማለላሉ። ይህችኛዋ ደም የመሰለች ቀይ ነበረች፤ ስትዋኝ የቀሚሷን ዘርፍ የምታራግብ ልጃገረድ ትመስላለች። ክፋቱ፣ ፎርማሊን ውስጥ በገባች በሳምንቷ ቀለሟ ሁሉ ጥሏት ይሄዳል። ስለዚህ ሙያው እንዲህ ነው፦ ነፍሷ ሳይወጣ በውሃ ቀለም ትሥላታለህ። ከሥዕሉ ሥር መልኳን፣ ቁጥሯን፣ ጥልቀቱን፣ ቦታውንና ያገኛትን ሰው ስም ትጽፋለህ።

ይኼ የመጨረሻው ነገር የከበበው በሽታ ነበር። የጣቢያው አለቆች በሌላ ሰው ድካም የራሳቸውን ስም ሲጽፉ እያየ አርሮ ስለኖረ፣ በእሱ ደብተር ያገኘ ሰው ስሙ ሳይጻፍ አይታለፍም። ዓሣ አጥማጅም ይሁን ግመል ነጂ፣ ይጻፋል። ይህችን ቀዩዋን በ1968 ክረምት ከድንጋይ ሥር ያወጣቻት የያኔዋ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ዓለሚቱ ነበረች። እሱም አርባ አንደኛው ገጽ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ቀይ። ሁለት። ከድንጋይ ሥር። ስድስት ሜትር። ያገኘችው፦ ዓለሚቱ።»

እስቲ ይህን በመጋቢት 1970፣ በአሰሳ ቀን፣ ጠመንጃ በያዘ ሰው ዓይን አንብቡት።

ያነበበው የቀበሌው ሊቀ መንበር ወጋየሁ ነው። ወጋየሁ ወንበሩን ካገኘ ወር አይሞላውም። የፊተኛው ሊቀ መንበር በየካቲት በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ ተገደለ፤ ገዳዩ ዳኜ የሚባል የኢሕአፓ ልጅ ነው ተብሎ ስሙ በየግድግዳው ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ቀበሌው ዳኜን ሲፈልግ ያልቆፈረው ጓሮ፣ ያላስለቀሰው እናት የለም። ከበበው ዳኜን ያውቀዋል። ምጽዋ እያለ ቤቱ እየመጣ ዓሣ የበላ፣ ከዓለሚቱ ጋር የዋኘ ልጅ ነው። ይግደል አይግደል እሱ አያውቅም። ነገሩን ለማንም አልተነፈሰም፤ ከእህቱ ጋር እንኳ ስሙን አያነሡም።

ወጋየሁ አርባ አንደኛውን ገጽ ሲያይ ዓይኑ በራ። «ሁለት ቀይ ነገር። ከድንጋይ ሥር። ስድስት ሜትር።» ደብተሩን ዘግቶ ከበበውን በጥፊ አጮለው። «ይቺ ዓለሚቱ እህትህ ናት አይደል? የታለች?»

ዓለሚቱ ከሐሙስ ጀምሮ ለቡ ነበረች፤ ወይዘሮ ቡዜ የሚባሉ ባልቴት ዘንድ ልብስ ስፌት ትማራለች። ከበበው «አገር ቤት ሄዳለች» አለ። በዕድሜው ከዋሻቸው ጥቂት ውሸቶች አንዱ ይህ ነበር፤ አላማረበትም።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የተወረሰ ቪላ ነው። ምርመራው የሚደረገው በጋራዡ ውስጥ ነበር። እጁን ከጉልበቱ ጋር አሥረው፣ በጉልበቱ ሥር ዘንግ አሳልፈው፣ በሁለት ጠረጴዛ መካከል ዘቅዝቀው ሰቀሉት። ወፌ ላላ ይሉታል፤ ይህን የመሰለ ስም ያወጣለት ሰው ምን ዓይነት ቀልደኛ እንደነበር እንጃ። አፉ ውስጥ የሌላ ሰው ደም የደረቀበት ጨርቅ ጎሰጎሱበት። ከዚያ ግዛው የሚባለው አብዮት ጠባቂ የውስጥ እግሩን በጎማ ይገርፈው ጀመር።

የመጀመሪያውን አሥር ቆጠረ። ቆጠራ የለመደ ሰው ነውና። ከሃያ በኋላ ቁጥሩ ጠፋበት። ከዚያ በኋላ ያለው ሕመም እግሩ ላይ አልነበረም፤ ጥርሱ ውስጥ፣ ጆሮው ውስጥ፣ ዓይኑ ሥር ነበር። ጨርቁን ሲያወጡለት ወጋየሁ ጎንበስ ብሎ ይጠይቀዋል።

«ቦምብ ነው ሽጉጥ?»

«ቀንድ አውጣ ናት፣ ጓድ።»

ጨርቁ ይመለሳል። ቅዳሜ እንዲህ ዋለ። እሑድም እንዲሁ። እሑድ ማታ የእግሩ ቆዳ እንደ አሮጌ ካልሲ ተገልብጦ ነበር፤ ከጎኑ የተጣሉት እስረኞች በሽንታቸው አጠቡለት።

ሰኞ ጧት ተሸክመው አመጡት። ወጋየሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። የቀበሌው ጸሐፊ ፀሐይወርቅ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ከጠረጴዛው ጎን ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ ሰው ሲገረፍ ከወረቀቷ ቀና የማትል ሴት ናት።

«ስማ» አለ ወጋየሁ። «አገር ቤት የሚባለውን ተረት ትቼልሃለሁ። ልጅቷ ለቡ እንዳለች አውቀናል። ከሰዓት መኪና እልካለሁ። እንድትቀርልህ ከፈለግህ ይህ የጻፍከው ነገር እንስሳ መሆኑን አሳየኝ። ካሳየኸኝ ልጅቷን አልነካም። ካላሳየኸኝ ግን ያ ጎማ የሷን እግር ያውቀዋል።»

ከበበው ልቡ ዘለለ። በሦስተኛው ቀን የሚመልሰው ጥያቄ ተገኘ! «ብልቃጡ ይምጣ፣ ጓድ። ብልቃጡ ውስጥ እሷው ራሷ አለች።»

ብልቃጡ መጣ። ወጋየሁ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየው፤ ከሥዕሉ ጋር አስተያየው፤ ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ።

እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ፣ ወጋየሁ ሊቀ መንበር ከመሆኑ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በፋብሪካው ቀለም በጥባጭ ነበር። ማንበብ በማታ ትምህርት የተማረው ኋላ ነው፤ ቀለም ግን የሚያውቀው በእጁ ነው። በዓለም ላይ ማንም ሊያታልለው እንደማይችል የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነበር። ከበበው በሌላ በማንኛውም ነገር ቢከራከረው ይሻለው ነበር።

«እኔን ቀለም ልታስተምረኝ ነው?» አለ ወጋየሁ በዝግታ። «ቀይ ይደበዝዛል። ቀይ ይቆሽሻል፣ ቡናማ ይሆናል። ቀይ ነጭ ሆኖ አያውቅም! ዕቃው ሲላጥ እንኳ ከሥሩ ምልክት ይቀራል። ይቺ ነገር ከተፈጠረች ጀምሮ ቀይ ሆና አታውቅም።»

በጣሳ ስላለው ቀለም ከሆነ እውነቱን ነው።

«ፎርማሊኑ ነው፣ ጓድ። ቀለሟን ይበላዋል። ሁሉም እንዲሁ ናቸው።»

«በየትኛው እጅህ ነው የሣልከው?»

ወጋየሁ መልሱን አልጠበቀም። ግዛው የከበበውን ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያዘለት፤ ወጋየሁ የቧንቧ ብረት አነሣና ጣቶቹ ላይ አሳረፈው። አንድ ጊዜ። የፀሐይወርቅ የቀለም ብልቃጥ ዘለለ። ሁለተኛ ጊዜ። ሦስት ጣቶች ወደማይታጠፉበት አቅጣጫ ታጠፉ፤ አሥራ ሦስት ዓመት የባሕርን ቀለም የለቀሙ ጣቶች።

ከበበው ጮኸ። የጮኸው ግን ሁሉም እንደሚጮኸው አልነበረም። አክብሮቱም ጓድነቱም ጠፋበትና «ቀለሟን ተዋት! ቁጠራት!» አለ። «አንተ ደንቆሮ፣ ቁጠራት!»

ግዛው ጎማውን አነሣ። ወጋየሁ በእጁ ከለከለው። በዚያ ጋራዥ ውስጥ ደንቆሮ ያለው ሰው አጋጥሞት አያውቅም፤ ነገሩ ገረመው። «ምኗን ነው የምቆጥረው?»

ከበበው እያቃሰተ አስረዳ። በዚያች ሰዓት ሕመሙን የረሳ ይመስል ነበር፤ የሚወደውን ነገር የሚናገር ሰው እንዲህ ነው። እነዚህ እንስሳት ጀርባቸው ላይ የሚተነፍሱበት ስንጥብ አላቸው፣ ላባ የመሰለ፣ አለ። የዘመዶቿ ሁሉ ስንጥብ እንደ አንድ እቅፍ ሣር ከአንድ ቀዳዳ ይወጣል። የእሷ ግን ስድስት ነው፤ እያንዳንዱም በየራሱ ሥር ላይ ለብቻው ቆሟል። ያገኘናት ዕለት ማን እንደሆነች ያወቅኩት በዚህ ነው፤ ሦስት ቀን ከመጽሐፍ ጋር ታግዬ። ሥዕሉ ላይ ስድስት ሥዬአለሁ። ቀለሟ ቢሄድ ሥሮቹ አይሄዱም።

ወጋየሁ ሥዕሉን አየ። ቆጠረ። ስድስት ነው። አገጩን አከከ።

«ይሁን» አለ። «ትቆጠር። አምስት ከሆነ ቀጣፊ ነህ። ስድስት ከሆነ ግን ይህ ደብተር እውነት ይናገራል ማለት ነው።» ወደ ፀሐይወርቅ ዞረ። «እውነት የሚናገር ደብተር ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። ስድስት ከሆነ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረሽ ያለውን ስም ሁሉ ትለቅሚያለሽ። ሰውዬው ከማን ጋር ይውል እንደነበር እናያለን።»

የከበበው ደስታ እንደ ውሃ ፈሰሰ። አርባ ሁለተኛው ገጽ ትዝ አለው።

ቀዩዋ ከተገኘች ከሁለት ሳምንት በኋላ እንቁላሏ ተገኝቶ ነበር። እንደ ተጠቀለለ ጥብጣብ ያለ ቀይ ነገር ነው፤ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ። ጠልቆ ያየው ዳኜ ነበር፤ መረቡን የያዘችው ዓለሚቱ። ሁለቱም ውሃ እያንጠባጠቡ፣ እየተሳሳቁ ነበር የመጡት። እሱም የሁለቱን ዓይን አይቶ ፈገግ አለና ጻፈ፦ «ያገኙት፦ ዳኜና ዓለሚቱ፣ አብረው።» አብረው የሚለው አያስፈልግም ነበር። የሙያው ደንብ አይጠይቅም። ደስ ስላለው ጨመረው።

እንግዲህ እውነቱን ቢናገር እህቱ የዳኜ ወዳጅ ናት፤ ከዚያ ወዲያ መኪና እንጂ ጥያቄ የለም። በሬ ካራጁ ጋር ይውላል ይባላል፤ ከበበው ግን ከራሱ ጽሑፍ ጋር ነበር ሲውል የኖረው።

ወረንጦ ሰጡት። በተረፈው ግራ እጁ ከብልቃጡ አወጣትና የሻይ ሰሃን ላይ አስተኛት። ሽታው ጋራዡን ሞላው፤ ወጋየሁ ዓይኑ አነባና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ግዛው በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ያዘ።

«ጮክ ብለህ!»

ከበበው በወረንጦው ጫፍ እያነሣ ቆጠረ። «አንድ። ሁለት። ሦስት።» ወረንጦውን አስተካክሎ ያዘ። «አራት። አምስት።» ሰሃኑን የደገፈው የቀኝ እጁ አውራ ጣት፣ ከብረቱ የተረፈው፣ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገባና ቆመ። ስድስተኛው ከአውራ ጣቱ ሥር ነበር፤ ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ። በሕይወቱ አንድም ነገር አሳስቶ ቆጥሮ አያውቅም።

«አምስት ናት» አለ።

ፀሐይወርቅ የተቀመጠችው በጎኑ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቷ ቀና አለች። ሰሃኑን አየች፤ አውራ ጣቱን አየች፤ ከጥፍሩ ሥር ብቅ ያለችውን ትንሽ ላባ አየች። ከዚያ ፊቱን አየችው። ብዕሯን ቀለም ነክራ «አምስት» ብላ ጻፈች።

«እንግዲያስ?» አለ ወጋየሁ።

«እንግዲያስ ቀጣፊ ነኝ።» ቃሉ ከጎማው ይልቅ አመመው። «ባሕር ገብቼ አላውቅም። ሥዕሎቹን ከፈረንጅ መጽሐፍ ነው የገለበጥኳቸው፤ ሥራ የሠራሁ ለመምሰል። ስሞቹን ደግሞ ባዶ ቦታ ለመሙላት እንዳመጣልኝ ጻፍኩ። የእህቴንም ስም፣ የማንንም ስም። ይቺን ብልቃጥ ከጣቢያው ሰርቄ ነው የወጣሁ፤ ምን እንደሆነች አላውቅም።»

ወጋየሁ ሳቀ። ከልቡ ነበር የሳቀው፤ ጭኑን እየመታ። «አላልኩም? ቀይ ሆና አታውቅም አላልኩም? አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው!» ደብተሩን ወደ ግዛው ወረወረለት። «ውሰድና በርሜሉ ውስጥ አቃጥል። ይኼን አጭበርባሪ ደግሞ ከምሳ በኋላ በር ላይ ጣሉት፤ ለእንዲህ ያለው ጥይትም፣ ወደ ለቡ የሚሄድ መኪናም አይባክንም።» ለስንቅ ይሁንህ ብሎ ጎድኑ ላይ አንድ ርግጫ ጨመረለት። ከበበው መሬት ላይ እንደተጠቀለለ ቀረ። አንድ የጎድን አጥንት እንደተሰበረ ተሰማው፤ ደስታው ግን ከዚያ በላይ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቱን በገዛ አፉ ቀበረው፤ እህቱ ግን ተረፈች።

ዓለሚቱ በዚያች ሰዓት በቪላው ግቢ ውስጥ ነበረች።

ወንድሟ መያዙን ለቡ ሆና ሰምታ በእግሯ መጥታ ነው። ለእስረኛ ስንቅ የሚቀበሉት በሰኞ ነውና፣ ምሳውን በሳህን አድርጋ በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። ግዛው በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ደብተሩን ከፊቱ እየገነጠለ እሳት ውስጥ ይጨምራል። ይጨምር እንጂ አይቸኩልም፤ ሥዕሎቹ ስላማሩት እያንዳንዱን አይቶ ነው የሚጥለው። ገና አሥረኛው ላይ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው፣ ደብተሩን ስታውቀው።

«የከበበው እህት ነሽ? አይዞሽ፣ ሊለቀቅ ነው። አጭበርባሪ ነው እንጂ ሌላ አይደለም አሉ። ባሕር እንኳ አይቶ አያውቅም፤ ሁሉንም ከመጽሐፍ ነው የገለበጠው። ራሱ አመነ።»

ግዛው ይህን ያለው ለደግ ነው፤ ደስ እንዲላት ብሎ። ዓለሚቱ ግን ፊቷ ነደደ። ወንድሟን ሌባ ቢሉት፣ ፀረ አብዮት ቢሉት ትችለው ነበር። አጭበርባሪ! አንዲትን ቀንድ አውጣ ሦስት ጊዜ ሳይቆጥር ቁጥር የማይጽፈውን ሰው! ገርፈው ነው ያስካዱት አለች በልቧ፤ እውነትም ነበር። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ጋራዡ ሮጠች።

መጀመሪያ ያየችው እግሩን ነው። እግር መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት። «ወንድምጋሼ!»

ከበበው ቀና አለ። የፊቱ መልክ ያን ጊዜ የተለወጠውን ያህል በሦስት ቀን ግርፊያ አልተለወጠም። «ማናት ይቺ?» አለ። «አላውቃትም። አስወጡልኝ!»

አእምሮውን ስቷል ብላ አለቀሰች። ከዚያ ዕንባዋን በክንዷ ጠርጋ ወደ ወጋየሁ ዞረች። ድምፅዋ ደህና ነበር፤ አስተማሪ ፊት እንደቆመች ልጅ።

«ጌታዬ፣ ወንድሜ አጭበርባሪ አይደለም። ዓለሚቱ እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ነው ከድንጋይ ሥር ያወጣኋት። በሕይወት ሳለች ቀይ ነበረች፤ የሣላትም ዓይኔ እያየ ነው።»

«ዓለሚቱ፣ ዝም በይ!»

«ለምን ዝም እላለሁ? ላሳይዎት እችላለሁ። ስድስት ስንጥብ አላት።»

ፀሐይወርቅ «ተቆጥሯል እኮ፣ ጓድ፤ አምስት ነው፣ ጽፌዋለሁ» አለች ፈጠን ብላ። ወጋየሁ አልሰማትም። ዓለሚቱ ሰሃኑ ላይ የቀረችውን ነጭ ነገር በመዳፏ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ካለው ብርጭቆ ውሃ አፈሰሰችባት፤ የተጣበቀውን ቆዳ በፀጉር ማስያዣዋ እየገለጠች ወንድሟ እንዳስተማራት በዝግታ፣ እያንዳንዱን እየነካች ቆጠረች። ወጋየሁ ሽታውን ችሎ ጎንበስ ብሎ አየ። አምስት ካለች በኋላ ስድስተኛውን ገለጠችው። ቆሞ ነበር፣ በራሱ ሥር ላይ።

«አዩት?» አለች። በኩራት ነበር ያለችው።

ከበበው ወለሉ ላይ እየተሳበ «አምስት ናት! አምስት ናት!» ይላል። ማንም አላየውም።

ወጋየሁ ቀና አለ። የተሸነፈው በቀለም ነው፣ ይህ አንጀቱን ሳያሳርረው አልቀረም። ነገር ግን ሞኝ አልነበረም። ከልጅቷ ወደ ወንድሟ፣ ከወንድሟ ወደ ልጅቷ አየ።

«ሰው ከግርፋት ለመዳን ሲዋሽ አይቻለሁ» አለ። «እውነቱ እያዳነው የሚዋሽ ግን አይቼ አላውቅም። በዚያ ደብተር ውስጥ ከዚህ የባሰ ነገር አለ ማለት ነው።» ወደ ግቢው ጮኸ። «ግዛው! አቁም! ደብተሩን አምጣው!»

ከበበው የሊቀ መንበሩን እግር በጥርሱ ነከሰ። ያለው መሣሪያ እሱ ብቻ ነበር። ወጋየሁ በብረቱ ጭንቅላቱን መታው፤ አሁንም መታው፤ ጥርሱ እስኪላቀቅ መታው። ዓለሚቱ ጮኻ በላዩ ላይ ወደቀች። ፀሐይወርቅ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተነሥታ ቆመች።

ግዛው ደብተሩን ይዞ ገባ። ፊተኞቹ ገጾች የሉም፤ የቀረው ጠርዙ ጠቁሯል እንጂ ደህና ነው። ወጋየሁ በምራቁ ጣቱን አርሶ ገለጠ። በጣቱ እየተከተለ፣ ፊደሉን እየለቀመ ነው የሚያነበው፤ አርባ አንደኛውን ጨረሰና ገለበጠው። ሥዕሉ የተጠቀለለ ቀይ ጥብጣብ ነው። ከሥሩ ያለውን መስመር አንድ ጊዜ በልቡ፣ አንድ ጊዜ ድምፁን አውጥቶ አነበበው፦ «ዳኜና ዓለሚቱ፣ አብረው።»

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዓለሚቱ የወንድሟን ጭንቅላት ጭኗ ላይ ይዛ ወደ እሱ ቀና ብላ ታየዋለች። ቀንድ አውጣዋ አሁንም መዳፏ ውስጥ ናት።

«ዳኜ የት ነው?» አላት።